ሰይዴ፣ የእማን ኪኒን ቁጠርልኝ

ሰይዴ እንዴት ናችሁ፣ እማ፣ ሐያት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው አይደል? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ብሩን ትናንት ልኬዋለሁ፣ በአንተ ስም ስለሆነ መታወቂያህን ይዘህ ሂድ። 400 ዩሮ ነው። ለሐያት ኒካህ ነው ያልኩት፣ ለቤት ኪራይ እንዳታውሉት፣ የኪራዩን በወሩ መጨረሻ እልካለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ። ቮይስህን ሶስቴ ሰማሁት። «እማ እኮ ሁለት ሳምንት ተኝታ ነበር፣ አሁን ድናለች» ብለህ ወዲያው ስለ ድንኳን ታወራለህ እንደ ቀልድ! ለኔ እንዳትነግሩ ያለችው እሷ ናት አውቃለሁ፣ ግን አንተ 24 ዓመትህ ነው እኮ። እሺ፣ እኔም ሁለት ወር ሙሉ ጠፍቻለሁ፣ አፌን ሞልቼ ልቆጣ አልችልም። ስራ ነበር። ስራ ብቻ ነበር በቃ።

አሁን ራሱ ላብራቶሪ ውስጥ ነኝ፣ በእኛ አቆጣጠር ከለሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ነው፣ በየ15 ደቂቃው ናሙና ማውጣት ስላለብኝ በመሀል በመሀሉ ነው የምፅፍልህ፣ ቢቆራረጥ ይቅርታ።

ሰፈር ውስጥ «ጀርመን ሄዳ ጠርሙስ አጣቢ ሆነች» ይባላል አልከኝ። እውነት ነው፣ ጠርሙስም አጥባለሁ። ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን መሰለህ፣ አየር የሚጎዳው ፍጥረት። ባክቴሮይዴስ ፍራጂሊስ ይባላል፣ አንጀታችን ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፣ ኦክስጅን ባለበት አያድግም። ስለዚህ የላስቲክ ድንኳን የመሰለ ሳጥን ውስጥ ነው የማሳድገው፣ ውስጡ 85 ፐርሰንት ናይትሮጅን፣ 10 ካርቦንዳይኦክሳይድ፣ 5 ሃይድሮጅን ነው፣ እጄን ግድግዳው ላይ በተገጠመ ረጅም ጓንት አስገብቼ ነው የምሰራው። ምግቡ ላይ ሪሳዙሪን የሚባል ቀለም ጠብ ይደረጋል፣ አየር ከሌለ ምንም ቀለም የለውም፣ ትንሽ አየር ከነካው ግን ሮዝ ይሆናል። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ጠዋት ስገባ ሁሉም ሮዝ ሆኖ ያገኘሁት ቀን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያለቀስኩት፣ የሶስት ሳምንት ስራ ነበር።

መጣሁ፣ 15ኛው ደቂቃ ደርሷል።

ተመለስኩ። ዛሬ ማታ ሆን ብዬ አየር አስነክቼዋለሁ። ሁለት ጠርሙስ ነው፣ አንዱ ጤነኛው፣ አንዱ ኦክሲአር የሚባለው ጂን የተቆረጠበት። አየር ሲገባ ባክቴሪያው ውስጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፣ ያ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚደፍቀው ነገር፣ እሱ ነው ብረት ያለባቸውን ኢንዛይሞች የሚያበላሸው። መከላከያው ታዲያ ባክቴሪያው ጋ አለ፣ ግን ዝም ብሎ አይሰራውም፣ ፕሮቲን መስራት ጉልበት ይጨርሳል። የእማን ሳጥን አስብ፣ ቁልፉ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የተቋጠረውን፣ ልብሱ ዓመቱን ሙሉ አለ ግን ለዒድ ካልሆነ አይወጣም፣ ጂንም እንደዛ ነው። ኦክሲአር ቁልፍ ያዡ ነው። ፐርኦክሳይዱ ሲነካው ሁለት ሰልፈሮቹ ይያያዙና ቅርፁ ይቀየራል፣ ያኔ ካታላዝና ሌሎቹ መከላከያዎች እንዲነበቡ ያደርጋል፣ ካታላዙም ፐርኦክሳይዱን ውሃና ኦክስጅን አድርጎ ይበትነዋል። ጤነኛው በዚህ ምክንያት አየር ላይ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ሳያድግ ግን ሳይሞት። ጂኑ የሌለው ቀድሞ ነው የሚያልቀው። የኔ ስራ ናሙናውን ቶሎ በረዶ ላይ ማድረግና በዛች ደቂቃ የትኛው ጂን እየተነበበ እንደነበር ማየት ነው። ይሄው ነው የሄድኩበት።

ስለ ሰገራ ነው የምትማሪው እንዳትለኝ፣ አውቅሃለሁ። አንተ ራስህ 9ኛ ክፍል ሆነህ ትርፍ አንጀትህ የፈነዳ ጊዜ ሆድህን የሞላው ይሄው ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም፣ አንጀት ሲቀደድ ሆድ ውስጥ መግል ከሚያበዙት ዋነኛው ነው፣ እና ደም የሚዘዋወርበት ቦታ ኦክስጅን ስላለ ያቺ ቁልፍ እዛ ነው የምትጠቅመው። ትዝ ይልሃል ከጎንህ ተንጠልጥሎ ጠብ ጠብ የሚለው? ፍላጂል ነበር። እማ ስሙን የዛን ቀን ነው የያዘችው፣ ከዛ ወዲህ ፍላጂል ማለት ለሷ ልጇን የመለሰላት ነገር ነው።

ለዚህ ነው «አሜባ ነው ተብላ ፍላጂል ታዘዘላት፣ በሶስተኛው ቀን ተሻለኝ ብላ የቀረውን በወረቀት ጠቅልላ አስቀመጠችው» ስትለኝ ያልገረመኝ። ለክፉ ቀን ብላ ነው፣ ወርቅ እንደማስቀመጥ። አፌን ብረት ብረት አለኝ ማለቷም እውነት ነው፣ ያደርጋል መድሃኒቱ።

ግን ይሄን አንብብላት፣ ቀስ ብለህ። እማ፣ ኪኒኑ ሲዋጥ መርዝ አይደለም። መርዝ የሚሆነው አየር የማይፈልግ ነገር ውስጥ ሲገባ ነው፣ አሜባውም እንደኔዎቹ ባክቴሪያዎች ነው በዚህ። ምግቡን ሲያቃጥል የሚያቀባብለውን ኤሌክትሮን ለመድሃኒቱ ይሰጠዋል፣ መድሃኒቱም ያኔ ተቀይሮ ዲኤንኤውን ይበጣጥሰዋል፣ በራሱ እጅ ማለት ነው። የአንቺ ሰውነት ኦክስጅን ስላለው እንደዛ አያደርገውም። በሶስት ቀን ከተተወ ግን አሜባው ሳያልቅ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ አንዳንዶቹ ኒም የሚባል ጂን አላቸው፣ መድሃኒቱን ወደማይጎዳ ነገር የሚቀይር። ጂኑ ተኝቶ ይኖራል፣ ከዛ ከቦታ ቦታ የምትዘል የዲኤንኤ ቁራጭ መጥታ ከፊቱ ስትሰካ መነበብ ይጀምራል። መድሃኒት በየጊዜው እየጀመሩ ሲተው እነዚህን እያስቀሩ ሌላውን መጨረስ ነው። እና ለእትዬ አስካለም ሆዳቸውን ሲያማቸው ከዛው ቆንጥረሽ ሰጠሻቸው አሉ! ኧረ እማ፣ የሳቸው ህመም ምን እንደሆነ ማን አየ?

(አንድ ነገር ልንገራት፣ ትወደዋለች። ይሄ መድሃኒት መጀመሪያ ለሴቶች ኢንፌክሽን ነበር የወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ነው አንዷ ታማሚ ስትወስደው ቁስል የነበረው ድዷ አብሮ የዳነላት፣ አየር የማይወዱትን ባክቴሪያዎች እንደሚገድል የታወቀው በዛ ነው።)

30ኛው ደቂቃ። ጠብቀኝ።

ሐያትዬን በተመለከተ። ልጁን ፎቶ ላይ አየሁት፣ ፊቱ ደስ ይላል፣ ትንሽ ዝምተኛ ይመስላል ግን ለሷ ዝምተኛ ነው የሚሻላት፣ እሷ ለሁለት ታወራለች። ኮምቦልቻ መሆኑም ጥሩ ነው፣ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ምን አላት፣ እማ ስትናፍቅ ጠዋት ወርዳ ማታ ትመለሳለች። ብቻ ሙሽራዋን ስትወስዱ ሐረጎ ላይ ጉም ካለ ሹፌሩ እንዳይሮጥ፣ ጥሩምባውን ቆላ ሲወርድ ያጩሁት። ያንን ጉም እዚህ በየት አባቴ ላግኘው። ትናንት አውቶቡስ ስጠብቅ መናኸሪያው ጋ «ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ አንድ ሰው!» የሚለው ድምፅ በጆሮዬ መጥቶ ዞር አልኩ ወላሂ፣ አንድ ሽማግሌ ከነውሻው ቆሟል። ጦሳ ተራራ ላይ ደመናው ሲወርድ፣ እማ ልብስ አስገቡ ብላ ስትጮህ፣ እሱ እሱ ነው የሚመጣብኝ። ሒናዋን ማን ነው የሚያደርግላት? እኔ ነበርኩ እኮ የምቀባት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ቃል ገብቼላት ነበር።

ከዚህ በታች ያለውን ለእማ አታንብብላት። የማልመጣው ባክቴሪያዎቹን ጥዬ መሄድ ስላልቻልኩ አይደለም፣ ለእማ እንደዛ በላት። የመኖሪያ ፈቃዴ እየታደሰ ነው፣ ሳያልቅ ብወጣ መመለሴ ያጠራጥራል። የላብራቶሪው ክፍያም ከሁለት ወር በፊት ግማሽ ሆኗል፣ አርብና ቅዳሜ ማታ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ፣ ከባድ አይደለም፣ ጀርባዬን ብቻ ትንሽ። የጠፋሁት ለዛ ነው፣ ቪዲዮ ከፍቼ ፊቴን ብታይ ታውቅብኛለች። ብሩን ደግሞ ከየት አመጣሽው ብለህ እንዳትጠይቀኝ፣ የትኬት ብዬ ያጠራቀምኩት ነው፣ ትኬቱን ካልቆረጥኩ ምን ያደርግልኛል። እንዳታስመልሰኝ፣ እቆጣለሁ።

60ኛው ደቂቃ ሊደርስ ነው። ጤነኛው ጠርሙስም ሌላውም ሮዝ ሆነዋል፣ በዓይን ምንም አይለዩም፣ ነገ ነው የሚታወቀው። አንተ ነገ ጠዋት ኪኒኑን ከነወረቀቱ ፎቶ አንሳልኝ፣ ካዘዘላት ዶክተር ጋ ይዘሃት ሂድ፣ የተዋጠው ስንት፣ የቀረው ስንት፣ እትዬ አስካለ የወሰዱትንም ጨምረህ ቁጠርልኝ።