ያስቀሩኝ እርስዎ፣ ዜሮው ግን በእኔ ስም

ለዩኒቨርሲቲያችን የአካዳሚክና ምርምር ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት

ክቡርነትዎ፣

በደብዳቤ ጠየቅሁ፣ መልስ የለም። ቢሮዎ ሄጄ ጠየቅሁ፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በዲኑ በኩል አስጠየቅሁ፣ ዲኑም ደከመው። በወሎ ወግ ሼኩንም ቄሱንም አስቀድሜ ሽማግሌ ልልክብዎት ነበር፤ ለቢሮ ጉዳይ ሽማግሌ ማስቸገር ነውር መሰለኝና ተውኩት። እንግዲህ ሰው እየሰማ እናውራ።

የዘንድሮ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ ደርሶኛል። ማስተማር፣ ጥሩ። የሕክምና አገልግሎት፣ በጣም ጥሩ። «ምርምርና በሙያ ማኅበር ተሳትፎ» የሚለው ላይ ሲደርስ ዜሮ። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ።

አሁን ዜሮው እንዴት እንደመጣ ልንገርዎ። እርስዎ ያውቁታል፤ ሌላው ሰው ግን አያውቅም።

አዲስ አበባ በሚደረገው የሙያችን፣ ማለት በቃጠሎና በጉዳት የተበላሸ አካልን የሚጠግነው የፕላስቲክ ሰርጀሪ፣ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ጥናት እንዳቀርብ ተጋብዤ ነበር። የጥናቱ አጭር መግለጫ (አብስትራክቱ) ተቀባይነት አግኝቷል፣ ስሜም ፕሮግራሙ ላይ ወጥቷል። ግብዣውን አያይዤ ፈቃድና አበል ጠየቅሁ። በጀት የለም ተባለ። እሺ፣ በራሴ ወጪ ልሂድ፣ ፈቃዱን ብቻ ስጡኝ አልኩ። ሐኪም ጎድሎ እንዴት ይለቀቃል ተባለ። እሺ፣ ባልደረባዬ ተረኛነቴን ሊሸፍንልኝ ተስማምቶ በጽሑፍ ፈረመ። ከዚያ በኋላ ዝም። ጉባኤው በተከፈተ ቀን ከአዲስ አበባ ጓደኛዬ ደወለና «የእናንተ ሰዎች እዚህ ሻይ እየጠጡ ነው፣ አንተ የት ነህ?» አለኝ። ለካ ተቋሙን ወክለው የሄዱት ሁለት የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። አንዳቸውም ቆዳ ሰፍተው አያውቁም። አበላቸው የተከፈለው የለም ከተባለው በጀት ነው። እኔ ለማቀርበው ጥናት የተያዘው ሰዓት ደርሶ ስሜ ተጠራ፣ የሚነሳ ጠፋ፣ ወደሚቀጥለው ታለፈ።

እና ዜሮ ተሰጠኝ፤ ስላልተሳተፍኩ።

ስለ ጥናቱ ጠይቀውኝ አያውቁም፣ ስለዚህ እዚሁ ልንገርዎ። ከሬዚደንቶቼ፣ ማለት ስፔሻሊስት ለመሆን ከሚሠለጥኑት ሐኪሞች፣ ጋር የቃጠሎ ታካሚዎችን ካርድ ከካርድ ክፍል እያወጣን በእጃችን ገለበጥን፤ ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ። ደጋግሞ የመጣብን ነገር የሚጥል በሽታ ነው። እንጀራ ስትጋግር ወይም ቡና ስታፈላ የሚጥላት ሴት በፊቷ ወይም በእጇ እሳቱ ላይ ትወድቃለች። አጠገቧ ያለ ሰው ደግሞ «ይተላለፋል» ብሎ ለመንካት ይፈራል። በሽታው በመንካት አይተላለፍም፤ ግን በዚህ ፍርሃት ምክንያት እሳት ላይ የቆየችበት ጊዜ ነው ጣቷን የሚያሳጣት። ብዙዎቹ መድኃኒት ጀምረው ያቋረጡ ናቸው። ፌኖባርቢታል እኮ ርካሽ ኪኒን ነው! ጤና ጣቢያው ኪኒኑን ሳያቋርጥ ቢያቀርብ፣ ምድጃው ከመሬት ከፍ ብሎ ቢሠራ፣ እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ይቀንሳል። ለጉባኤው ልናገር የነበረው ይህን ነው። አዳራሹ ውስጥ ከየክልሉ የመጡ ቃጠሎ የሚያክሙ ሐኪሞች ነበሩ። እነሱም ያዩትን ይነግሩኝ ነበር።

ዘግይተው የሚመጡትን ደግሞ ያስቡ። ጥልቅ የአንገት ቃጠሎ በጊዜው ቆዳ ካልተተከለለት፣ ከዚያም በአንገት መደገፊያና በፊዚዮቴራፒ ካልተያዘ፣ ጠባሳው እየተኮማተረ አገጭን ከደረት ያጣብቃል። ያኔ እኔ ቢላዬን ከማንሳቴ በፊት ማደንዘዣ ሰጪው የመተንፈሻ ቱቦ ማስገቢያ መንገድ ያጣል። ይህንን ሬዚደንቱ ከመጽሐፍ ብቻ አይማረውም። መምህሩ ሲመዘግብ፣ ሲጽፍ፣ ሌሎች ፊት ቆሞ ሲጠየቅና ሲሟገት አይቶ ነው የሚማረው።

ከቢሮዎ አንድ ሰው «የቁንጅና ሕክምና ደግሞ ምን ጥናት ያስፈልገዋል» ብሎ እንደሳቀ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን የቁስል ማሸጊያ (ድሬሲንግ) በሚቀየርበት ሰዓት ዋርዳችን ብቅ ይበል።

ደግሞ ሙያው ራሱ ከየት መጣና? በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃሮልድ ጊሊስ የሚባል ሐኪም እንግሊዝ አገር ሲድካፕ ላይ ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን ያክም ነበር። ሆስፒታሉ የተከፈተው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። የቁስለኞቹን ፊት ሄንሪ ቶንክስ እየሳለ ያስቀምጥለት ነበር፤ ቶንክስም ቀዶ ሐኪም የነበረ ሠዓሊ ነው። በጦርነት መሀል፣ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ፣ ይመዘግቡ ነበር! እኛ ጋ በ2014 ጦርነቱ ወሎ ገብቶ ሆስፒታሎች ሲዘረፉ ስንት መንጋጋና ስንት እጅ እንደተጎዳ እርስዎም እዚሁ ሆነው አይተዋል። የትኛው ቁስል በየትኛው መንገድ እንደዳነ ዛሬ ቢጠየቅ የሚመልስ መዝገብ የለንም። የቁስለኛ መዝገብ እናቋቁም ብዬ ያስገባሁት ሰነድም የት እንደገባ እግዜር ይወቀው።

ሕጉን አላስተምርዎትም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 መምህር ከማስተማር ሌላ ምርምርም እንዲሠራ እንደሚጠብቅ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ በየስብሰባው ያነቡልናል። የሙያ ፈቃዴን ለማሳደስም ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ያስፈልገኛል። በአሜሪካ የስፔሻሊስት ሥልጠናን የሚቆጣጠረው አካል፣ ኤሲጂኤምኢ የሚሉት፣ የፕላስቲክ ሰርጀሪ መምህራን ምርምር ውስጥ እንዲገኙ ይጠይቃል። ልብ ይበሉ፣ ለዚያ የሚያስፈልገውን ነገር እንዲያቀርብ የሚገደደው ደግሞ ተቋሙ ነው። እኛ ጋ ግዴታው የመምህሩ፣ ቁልፉ የቢሮው። ቢሮው በሩን ይቆልፍና ለምን አልገባህም ብሎ ነጥብ ይቀንሳል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዜሮው ይታረም። አይታረምም ካሉ፣ ከጎኑ «ፈቃድ ከልክለነው» ተብሎ ይጻፍ። በተቋሙ ስም ጉባኤ የሚሄድ ሰው ስምና ሙያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ይህ ብር አይጠይቅም። ሬዚደንቶቼ ደግሞ ጥናት የሚሠሩበት የተወሰነ የሥራ ሰዓት ይሰጣቸው፤ ልጆቹ ከተረኛነት ወጥተው ካርድ ሲገለብጡ እዚያው እንቅልፍ እየጣላቸው ነው።

የሚቀጥለው ጉባኤ ጥሪ ሲወጣ ያንኑ ጥናት እልካለሁ። የፈቃድ ጥያቄዬን በዚያው ቀን መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር አስቆርጣለሁ፤ ቅጂውንም እዚሁ እለጥፋለሁ። መልስዎንም፣ ከመጣ።

የቀዶ ሕክምና መምህር፣ ከወሎ