ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት፦ መክፈቻውን አንድ ሰው ብቻውን አይያዘው

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ።

የ2008ቱን ግንቦት አትረሱትም። የ12ኛ ክፍል ፈተና አፈትልኮ ማህበራዊ ሚዲያ ላይ ወጣና ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ለፍታችኋል፤ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እስኪፈተኑ ድረስ። ግን ሳጥኑም ቢታሸግ፣ ኮምፒውተሩም ቢቆለፍ፣ መክፈቻው ዞሮ ዞሮ ሰው እጅ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ከያዘው ያስፈራሩታል፣ በገንዘብ ይደልሉታል፣ ወይ ስልኩን ይሰርቁታል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ሞኒ ናኦርና አዲ ሻሚር የተባሉ እስራኤላውያን ተመራማሪዎች ለዚህ የሚሆን ዘዴ አቅርበዋል። ምስጢሩ በምስል መልክ ሁለት ብርሃን የሚያሳልፉ ፕላስቲኮች ላይ ይከፈላል። እያንዳንዱ ነጥብ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ባዶ ይሆናል። የቱ ይጥቆር የሚለውን ዕጣ ይወስነዋል፣ ልክ ሳንቲም እንደመወርወር። ምስሉ ነጭ በሆነበት ቦታ ሁለቱ ፕላስቲኮች አንድ ዓይነት ስለሚታተሙ፣ ሲደራረቡ ግማሹ ብርሃን ያሳልፋል። ጥቁር በሆነበት ግን አንዱ የተወውን ሌላው ይሸፍናል፣ ድፍን ይላል። በቃ ይኸው ነው። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው የሚያየው ቻናል የጠፋበት ቴሌቪዥን የመሰለ ዝብርቅርቅ ነው፤ የፈለገውን ኮምፒውተር ቢያመጣም አይፈታውም፣ ምክንያቱም እጁ ላይ ያለው የዕጣው ውጤት ብቻ ነው።

ከተማሪዎቼ ጋር ሠርተነዋል። አራት አሃዝ ቁጥር ከፍለን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምን። ክፍል ውስጥ መስኮቱ ላይ ስናደራርባቸው መጀመሪያ ምንም የለም። አንዷ ልጅ የላይኛውን በጣቷ ጫፍ ትንሽ ገፋ ስታደርገው ቁጥሩ ከዝብርቅርቁ መሃል ብቅ አለ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ።

የምጠይቃችሁ የመክፈቻው ኮድ በዚህ መንገድ ለሦስት ሰው እንዲከፈል ነው፤ ለፈተና ጣቢያው ኃላፊ፣ ለፖሊስና ለእናንተ ተወካይ። ከሦስቱ ማናቸውም ሁለቱ ሲገናኙ እንዲነበብ አድርጎ መሥራት ይቻላል፣ ስለዚህ አንዱ መኪና ቢበላሽበት ፈተናው አይቆምም። ሦስት ሲሆን ምስሉ ይበልጥ ስለሚደበዝዝ ቁጥሩ በትልቁና በወፍራሙ ይጻፍ። አንዴ የተሠራበት ፕላስቲክ ለሌላ ኮድ አይደገም፣ ከተደገመ ምስጢርነቱ ያበቃል። የሚያሳስበኝ ደግሞ ኮዱን የሚከፍለው ኮምፒውተር ነው። እሱ ሁሉንም ያውቃል። ኢንተርኔት የማይነካው ይሁን፣ ሥራው ሲያልቅም ፋይሉ ተጠርጎ ይጥፋ። ሁለት ሰዎች ከተመሳጠሩ ኮዱ እንደሚወጣም አትዘንጉ፣ ለዚህ ነው ሦስቱ ከተለያየ መሥሪያ ቤት ይሁኑ የምለው።

በመጪው ፈተና አንድ ጣቢያ ላይ ብቻ ሞክሩት። ፕላስቲኮቹን ይዤ መጥቼ ላሳያችሁ ዝግጁ ነኝ፤ መስኮት ያለው ክፍል ይበቃኛል።