ጉም የለበሰው ግራፍ

ወንድሜ፣

ደሴ ዛሬ ጉም ለብሳ ነው ያደረችው። የጦሳ ተራራ አይታይም። ጣቴ ደንዝዟል፤ ፊደል ብዘል ብርዱን ውቀስ።

ስለ መጥፋቴ... ከዚያ ጥቅምት ወዲህ ስልክህን ስንቴ አውጥቼ መልሼ እንደዘጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ለአባትህ ለቅሶም አልደረስኩም። ሰበብ አለኝ፤ ግን ያው ሰበብ ነው። ይቅር በለኝ። ከዚህ በላይ ከገባሁበት ይኼም እንደ ሌሎቹ ሳይላክ ይቀራል።

አሁን ያስነሳኝ ፋይል ነው። አትሳቅ።

የማስተርስ ጽሑፌ አለቀ። አዎ፣ ያው የቦርከና ወንዙ፤ እስካሁን። ሰነዱ 58 ሜጋባይት ሆነ። ጂሜይል ከ25 በላይ አያያይዝም፤ የሚረከበው ቢሮ ደግሞ ከ10 በላይ አልቀበልም አለ። ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ወሰድኩት። ልጁ አንዴ ጠቅ አድርጎ 3 ሜጋባይት አደረገልኝ። ደስ ብሎኝ ጉርሻ ሁሉ ጨመርኩለት። በማግስቱ አማካሪዬ ደወሉ፦ «ይኼ የዝናብ ግራፍ ነው ወይስ የሐረጎ ጉም?»

ከፍቼ ሳየው እውነታቸውን ነው። 1977 ይሁን 1979 አይለይም። ወሎ ላይ ተቀምጦ 77ን ማደብዘዝ! አፈርኩ።

ለካ ሥዕሉን ሁሉ ጄፔግ ወደሚባለው የሥዕል ፋይል ዓይነት ለውጦት ነው። ዶርም እያለን «ግራፍ በጄፔግ አይቀመጥም» ስትል ስቄብህ ነበር። ጄፔግ ፎቶ ላይ ጎበዝ ነው፤ ቀጭን መስመርና ቁጥር ሲያገኝ ግን ጠርዙ ላይ አቧራ የመሰለ ነገር ይነሰንስበታል። ፒኤንጂ የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ምንም ሳይጥል ነው የሚያጥፈው። እሺ፣ ልክ ነበርክ።

ትናንት ማታ መብራት ሲመጣ የመጀመሪያውን ሰነድ ኮፒ አድርጌ፣ ውስጡ እንደ ጥቅል እንዲከፈትልኝ ከስሙ መጨረሻ ዶክኤክስ የሚለውን ወደ ዚፕ ቀየርኩት። ይኼንንም ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ሚዲያ የሚለውን ፎልደር ከፈትኩ። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? 14ቱ ግራፍ ተደማምረው 2 ሜጋባይት አይሞሉም! ክብደቱ ለካ በስልኬ ያነሳኋቸው ስምንት የወንዝ ፎቶዎች ናቸው። ፎቶ ባጠፋ ግራፍ ተገረፈ። ግማሹ ጥፋት ደግሞ የአንተ ነው፤ ወርድ ሥዕል የሚጨምቅበትን አጥፋው ብለህ ያስጠፋኸኝ አንተ አይደለህ? ግራፉ ጥርት ብሎ ቀረ፣ ፎቶዎቹም እንደ ሙሽራ እቃ ሳይራገፉ ገቡ።

አንዱን ፎቶ ስከፍት አንተ አለህ።

ኮምቦልቻ፣ ድልድዩ ስር። ያን አረንጓዴ ጃኬት ለብሰህ፣ በአንድ እጅህ መለኪያ ዘንጉን ይዘህ፣ በሌላው የበቆሎ እሸት ትግጣለህ። ጽሑፉ ላይ የሚታየው ዘንጉ ብቻ ነው። አንተን ቆርጬህ ነበር። ወርድ ግን የቆረጥከውን አይጥልም፤ ይሸፍነዋል እንጂ እዚያው ነው። ብዙ ሰዓት አየሁህ። እና... ተወው።

ፎቶዎቹን ከወርድ ውጭ ወደ 1200 ፒክሰል ስፋት አውርጄ መልሼ አስገባኋቸው። ለእነሱ ጄፔግ ይበቃል። ግራፎቹን አልነካሁም። 5 ሜጋባይት ከምናምን ሆነ፤ 77ም 77ን መሰለ። አንተን ግን በዚህኛው አልቆረጥኩህም። አማካሪዬ «ይኼ ማነው?» ካሉኝ፣ የውሃው ከፍታ በሰው ይለካል እላለሁ።

ፋይሉን አያይዤልሃለሁ። በስልክህ ክፈትና ሥዕል 9ን አጉልተህ እየው፤ ቁጥሩ ከተነበበልህ ንገረኝ። ካልተነበበም «አብሽር» ብለህ አታባብለኝ፣ እውነቱን ንገረኝ።

ደግሞ ቁመትህ ስንት ነበር? 1 ሜትር ከ78 ነኝ ትል ነበር፤ እኔ አላመንኩህም። ከሥዕሉ ስር ልጽፈው ስለሆነ እንዳትዋሽ።

ያው እኔው