ይድረስ ለአባባ

ውድ አባባ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የትልቁ ልጄ የፊት ጥርስ ወልቋል፤ «አያቴ ቤት ጣሪያ ላይ ነው የምወረውረው» ብሎ ክብሪት ቤት ውስጥ አስቀምጦታል። ታናሿም መሮጥ ጀምራለች፤ የምትተወው ዕቃ የለም።

እግርዎ መቁሰሉን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። እርስዎማ በስልክ «ነጭ የደም ሴሌ ልክ ነው ተብያለሁ፣ አታስቢ» ብቻ ነው ያሉኝ። አባባ፣ ጆንያው ስለሞላ ቡናው ጥሩ ነው ማለት እንዳልሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እኛ ላቦራቶሪ የምንቆጥረው የሴሎቹን ብዛት ነው፤ ጉልበታቸውን ቆጠራው አያሳይም። ነጭ የደም ሴል ባክቴሪያን ውጦ የሚገድለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን የመሳሰሉ የሚያቃጥሉ ኬሚካሎች እያመነጨ ነው። እነሱ ሴሉን መልሰው እንዳይጎዱት ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ይከላከሉለታል። የደም ስኳር ከፍ ብሎ ሲከርም ይህ መከላከያ ይዛባል፤ ሴሉ ራሱ ይጎዳል፣ ቁስሉ ጋ ለመድረስ ይዘገያል፣ ደርሶም እንደ ድሮው አይገድልም። ሌላው ሰው ላይ ቶሎ የሚደርቅ ጭረት ስኳር ያለበት ሰው ላይ እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። «አያመኝም» ማለትዎም አያጽናናኝም፤ ነርቭ ሲደነዝዝም አያምም።

የእማዬ ጊዜም እንዲሁ ነበር። ፈተናዬን እንድጨርስ ብለው ደበቁኝ፤ ስደርስ ድንኳን ተተክሎ ጠበቀኝ። ለእኔ ብለው መሆኑን አውቃለሁ፤ ዲግሪዬም በእርስዎ ላብ የመጣ ነው። ግን እጇን ሳልይዝ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ይህን ደፍሬ አልነገርኩዎትም።

ቁስሉን ነገ ጠዋት ሐኪም ይየው። ማር ቀብቶ መጠበቅ ይቅር፣ የጌራ ማርም ቢሆን። ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ከያዘዎት ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ። በዚህ ዝናብ ወደ ህርማታ ገበያ በሸበጥ አይውረዱ። ጠዋት በባዶ ሆድ ስኳርዎ ስንት እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ ለብዙ ሰው የሚፈለገው ከ80 እስከ 130 ነው።

ለባጃጅና ለመድኃኒት የሚሆን በቴሌብር ልኬያለሁ፤ ለሌላ እንዳያውሉት። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ «አትድከሚ» አይበሉኝ። እስከዚያው ሐኪሙ ያለውን ሁሉ፣ ክፉም ቢሆን፣ ደውለው ሳይቀንሱ ይንገሩኝ።

ልጅዎ