የእማማን ድምፅ ልቅዳ ወይ?

ሆዴ፣

እንዴት ከረምሽ? ጠፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ስለዚያ የሰርግ ጉዳይ አላነሳም፣ አንቺም አታንሺብኝ። ዛሬ የጻፍኩልሽ ልለምንሽ ነው። ልመናውን ግን ትንሽ ላቆየው፤ አፌ ላይ እየመጣ ይመለሳል።

መጀመሪያ ስለ አስቴር ጋኖ ላውራሽ። ሰሞኑን ከእሷ ሌላ ወሬ የለኝም። የሊሙ ልጅ እኮ ናት፣ ያንቺው አገር! የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1872 አካባቢ ነው። በልጅነቷ ባርነት ገባች። እ.ኤ.አ. በ1886 ቀይ ባሕርን አሻግረው ሊሸጧት ሲወስዷት ጣሊያኖች መርከቡን ያዙና ነፃ ወጣች። ከዚያ ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ የነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገቧት።

እስቲ አስቢው። አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። እናት የለ፣ አባት የለ፣ አገሯ የት ናት! ከቤቷ ይዛው የወጣችው በጆሮዋ የሰማችውን ብቻ ነው። እሱን ነው ቁጭ ብላ የጻፈችው። ዘፈኑን፣ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹን፣ ወደ 500 የሚሆን! ብዙው እ.ኤ.አ. በ1894 እዚያው እምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። በእኛው ፊደል ነው የተጻፈው። ዛሬ ሥነ ቃል የሚሰበስብ ሰው መቅረጫውን ይዞ ገጠር ይወርዳል፣ ሽማግሌ ይጠይቃል። እሷ የጠየቀችው የገዛ ትዝታዋን ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል።

ኦኔሲሞስ ነሲብን ታውቂዋለሽ። እሱም በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ የተሸጠ ነው፤ ቋንቋውን ጠግቦ ሳይሰማ ነው ከአገሩ የተለየው። መጽሐፍ ቅዱሱን ወደ ኦሮምኛ ሲመልስ ቃሉን፣ አባባሉን ያቀበለችው አስቴር ናት። መዝገበ ቃላትም አብራው ሠርታለች። መጽሐፍ ቅዱሱ እ.ኤ.አ. በ1899 ወጣ፤ ስሙ ግን የእሱ ሆነ። እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ አልነካውም። ግን የእሷ ስም ከኋላ መቅረቱ ያንገበግበኛል፤ በየትምህርት ቤቱ ልጆች አብረው ሊጠሩት የሚገባ ስም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1904 አብረው ወደ ወለጋ ተመለሱ። ነቀምቴ ላይ ስታስተምር ኖረች። ያረፈችው መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ? እ.ኤ.አ. በ1964! ድምፅ መቅጃ በነበረበት ዘመን። አያቶቻችን ሄደው «እትዬ አስቴር፣ መጽሐፉ ውስጥ ያልገባውን ንገሩን» ሊሏት ይችሉ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

እንግዲህ ልናገረው።

ለበዓሉ እማማ ጋ ደውዬ ነበር። እንደ ድሮው «ዝፈኑልኝ» አልኳቸው። ያቺን የልጅ ማባበያ ጀመሩልኝ፣ ታውቂያታለሽ። መሃል ላይ ቆሙ። «ቀጥሎ ምን ነበር?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። ሳቅ ብለው አለፉት፣ እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ልቤ አልተመለሰም። ወንድሞችሽ ነግረውሽ ይሁን አይሁን አላውቅም። ካልነገሩሽ ከእኔ መስማትሽ ከብዶኛል፤ ግን እንዳልደብቅሽ ተማምለናል።

ሊሙ ገነት ልሂድና የሚያስታውሱትን ልቅዳ ወይ? ዘፈኑን፣ የቡና ለቀማውን ጨዋታ፣ ምድጃ ዳር ያስተማሩንን እንቆቅልሽ። አንቺ እንኳ መልሱን ከእሳቸው አስቀድመሽ እየሰማሽ ጎንደርንም ሐረርንም ወስደሽብኛል፤ እስካሁን አልመለስሽልኝም! ስለ አባትሽ የሚያለቅሱበትን ግን አንቺ ካላልሽ አልቀዳም። እሱ የቤታችሁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የእማማን ኦሮምኛ እንዳንቺ የሚሰማው የለም። የቀዳሁትን በስልክ ልላክልሽና አንቺ እዚያ ሪያድ ከሥራ ስትመለሺ እየሰማሽ ጻፊልኝ። የሚያስቅሽም ይኖራል፣ የሚያስለቅስሽም። አንዱን ዘፈን በአንድ ሳምንት ብትጨርሺም ይበቃኛል።

ፈቃደኛ ካልሆንሽ «ተይው» በይኝ፣ አልቀየምም። እሺ ካልሽ ግን ቶሎ ንገሪኝ፣ የጥምቀት ሰሞን እረፍት አለኝ። ታናሽ ወንድምሽ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ይቀበለኝ እንደሆነም ጠይቂልኝ። ለእማማ ከእዚህ ምን ልውሰድላቸው? ሻሽ ይወዳሉ ወይስ ነጠላ?

ያንቺው