የበጉ መኖ «ከሕክምና ጋር አይገናኝም»?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ አባት «ልጄ ማጅራት ገትር ነው ተብሎ የጀርባው ውሃ ተቀዳ፤ ላቦራቶሪው ግን ምንም አልበቀለም አለን» ሲሉ አማረዋል። 26 ዓመት ካልቸር ክፍል (ከበሽተኛ ናሙና ጀርም አብቅለን የምንለይበት) ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጀርም ሁሉ የሰጡትን አይበላም። ኢ. ኮላይ የሚባለው ጀርም ግድ የለውም። ማጅራት ገትር ከሚያመጡት አንዱ፣ ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ፣ ግን እንደ ነፍሰ ጡር ያማርጣል። ሄሚንና ኤንኤዲ የሚባሉ ሁለት ነገሮች ካላገኘ አይበቅልም። ሁለቱም ቀይ የደም ሴል ውስጥ አሉ፤ ኤንኤዲው ግን ሴሉ ካልፈነዳ አይደርሰውም፤ የበግ ደም ደግሞ ኤንኤዲን የሚያጠፋ ኢንዛይም አለበት። ስለዚህ ደሙን 80 ዲግሪ አካባቢ እናሞቀዋለን። ሴሉ ይፈነዳል፣ ኢንዛይሙም ሥራ ያቆማል፤ ቀዩ ፕሌት (ደም የተጨመረበት የጀርም ማብቀያ ሳህን) ቡናማ ይሆናል። ቸኮሌት አጋር የምንለው እሱን ነው። (ቸኮሌት የለበትም፤ ተለማማጆች ሁሌ ይጠይቃሉ።)

ደሙ ከየት ይመጣል? ከላቦራቶሪያችን ጀርባ አንድ ሙክት ነበረን። ከአንገቱ ደም ሥር ቀድተን፣ የመስታወት ዶቃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ጨምረን መናጥ ነው፤ ደሙን የሚያረጋው ፋይብሪን ዶቃው ላይ እንደ ክር እስኪጠመጠም። ክንድ ይዝላል። «ቅቤው ወጣ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ዓመት ኦዲተር መጣና የመኖውን ወጪ «ከሕክምና ጋር የማይገናኝ» ብሎ ጻፈው። ሙክቱ ለፋሲካ ሰሞን ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ጊዜው ያለፈበት የሰው ደም እየለመንን ሠራን። የሰው ደም ደግሞ እንዳይረጋ ሲትሬት ይጨመርበታል፤ የለጋሹ ፀረ እንግዳ አካልም፣ የወሰደው መድኃኒትም ሊኖርበት ይችላል። እነዚህ ለስስ ጀርም አይመቹም። ፕሌቱ ባዶ ሲሆን «አልበቀለም» ብዬ ፈርሜ እሰጥ ነበር። አልክድም።

የእኚህ አባት ልጅ ምን እንደገጠመው ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም። መድኃኒቱ ናሙና ሳይወሰድ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል። ወይም የጀርባው ውሃ ፍሪጅ አድሮ፤ ይህን ለካልቸር አታድርጉ ብዬ ስንት ጊዜ ጮኬያለሁ! ብቻ «አልበቀለም» ማለት «ጀርም የለም» ማለት አይደለም፤ ሐኪሙም ይህን ለቤተሰቡ ሊነግር ይገባው ነበር።

በግ ያላችሁ ላቦራቶሪዎች ካላችሁ፣ መኖውን «የካልቸር ግብዓት» በሚል መዝግቡት። ኦዲተሩ ያልፈዋል።

ጡረተኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ