ቱቦው አልጠበበም፤ እኛ ደፈንነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት የዘነበው ዝናብ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ይሁን እንጂ እኔ የምኖርበት መንገድ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ተሞልቶ አደረ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት በአዋቂ ጀርባ ታዝለው ተሻገሩ። በምርኩዝ የሚሄዱ አንዲት እናት ውኃው ይጎድላል ብለው ከአንድ በር ጥግ ተጠግተው እስኪመሽ ቆሙ። በማግስቱ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነበር፤ «ቱቦው ጠባብ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ምን እየሠራ ነው?» እናንተም የብዙ አንባቢዎችን ተመሳሳይ ቅሬታ አውጥታችኋል። እኔም ስል የኖርኩት ይህንኑ ነው። በዚያ ጠዋት ያየሁት ነገር ግን ሐሳቤን ስላስለወጠኝ ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

ሦስት ሠራተኞች መጥተው የቱቦውን የብረት ክዳን በዲጂኖ ፈልቅቀው አነሡት። አንደኛው ወጣት እስከ ደረቱ ወርዶ በባልዲ እየዛቀ ያቀብላል፤ እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። ጭቃና አሸዋ ይወጣል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። የወጣው ፌስታል ነው። ፌስታል ከፌስታል ተጠላልፎ፣ እንደ ገመድ ተገምዶ፣ በመካከሉ የውኃ ፕላስቲክ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የጭማቂ ካርቶን፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው የሲጋራ ቁራጭ ይዞ። ልጁ ጫፉን ይዞ ሲጎትተው አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ሦስት ክንድ እያለ መጣ። መጨረሻው ሲለቅ ከሥር ትልቅ ድምፅ ተሰማ፤ መንገዱ ላይ ተኝቶ ያደረው ውኃም እየተንዶቀዶቀ ወረደ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አስፋልቱ ታየ። ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ ተመለከትኩ። ቱቦው ሰው አጎንብሶ ሊያልፍበት የሚችል ስፋት አለው።

ይህ የአንድ ሰፈር ጉዳይ አይደለም። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1998 በከባድ ጎርፍ ስትጠቃ የፍሳሽ መስመሮቿን ከዘጉት ነገሮች አንዱ ስስ ፌስታል መሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2002 ስስ ፌስታልን በማገድም ከዓለም አገሮች ቀዳሚዋ ሆነች። በሕንዷ ሙምባይ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 2005 በአንድ ቀን ውስጥ 944 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። ያን ያህል ዝናብ የትኛውንም ከተማ ያስጨንቃል። ነገር ግን ውኃው መውጫ እንዲያጣ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ቱቦ ውስጥ የተከማቸው ፌስታል ነበር፤ በዚያ ጎርፍም በከተማዋና በዙሪያዋ ብዙ መቶ ሰዎች ሞተዋል። ጎርፉ ባይመጣ እንኳ ቆሻሻው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሜዳ ላይ በተጣለ ጣሳና ፕላስቲክ ውስጥ የሚጠራቀም ጥቂት ውኃ የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን ለመጣል ይበቃታል። ብዙዎቻችን ወረቀት ወይም ጥጥ የሚመስለን የሲጋራ ማጣሪያም ሴሉሎስ አሲቴት የተባለ የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ በዝናብ አይሟሟም።

እንግዲህ ጥያቄው ማን ጣለው ነው። ከሰፈሬ ሰዎች አንድም «እኔ ነኝ» የሚል አላገኘሁም፤ ቤታቸው ስገባ ደግሞ ወለሉ ያበራል። ሰነፎች አይደለንም፤ ንጽሕናም እንወዳለን። ችግሩ ንጽሕናችን የግቢያችን በር ላይ ማለቁ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለው «ውጭ» ነው፤ ውጭ ደግሞ የማንም አይደለም ብለን ተቀብለናል። ጠዋት ደጃችንን ጠርገን ጥራጊውን እዚያው ማዶ ካለው የውኃ መግቢያ ወንፊት ላይ እንገፋዋለን። ከዓይናችን ሲሰወር የጠፋ ይመስለናል። የትም አልሄደም። ያ ወጣት ሦስት ክንድ ጎትቶ ያወጣው እሱን ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ አንድ አባት ከልጁ ጋር ተቀምጦ ነበር። ልጁ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። አባትየው ለባብሶ፣ ጫማው ተወልውሎ፣ ልጁን በትሕትና የሚያነጋግር፣ ሲያዩት ደስ የሚል ሰው። ውኃውን ጠጥቶ ሲጨርስ መስኮቱን ከፍቶ ፕላስቲኩን ወረወረው፤ ወዲያው መስኮቱን ዘጋ። ልጁ የከረሜላውን ወረቀት እስከዚያ ድረስ በጡጫው ጨብጦ ይዞት ነበር። አባቱን አየ፤ መስኮቱን አየ፤ ከዚያ በትንሽ እጁ መስኮቱን ከፍቶ ወረቀቱን ለቀቀው። ማንም ምንም አላለውም። እኔም አላልኩም፤ ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልጁ ወረቀቱን የት እንደሚያደርገው አያውቅም ነበር፤ ጨብጦ መያዙ ግን ትክክል ነበር። ያ ልክ የሆነው ነገር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተፋቀበት።

ይህ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኔዘርላንድስ ውስጥ ግሮኒንገን በተባለች ከተማ ኬስ ካይዘር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ብስክሌቶች በሚቆሙበት አንድ መተላለፊያ ላይ ያደረጉትን ሙከራ ውጤት አሳተሙ። በየብስክሌቱ መሪ ላይ የማስታወቂያ ወረቀት አሰሩ፤ በአካባቢው የቆሻሻ ቅርጫት አልነበረም። ግድግዳው ንጹሕ በነበረ ጊዜ ከባለ ብስክሌቶቹ 33 በመቶው ወረቀቱን ጣሉት። ያንኑ ግድግዳ በቀለም ዝብርቅርቅ አድርገው ሲደግሙት የሚጥሉት 69 በመቶ ሆኑ። ሰዎቹ ያው የዚያው ከተማ ሰዎች፣ ቦታውም ያው ቦታ ነው። የተለወጠው ግድግዳው የሚናገረው ነገር ነው፤ «እዚህ ማንም አይጠነቀቅም» ይላል። እኛ መንገድ ላይ የምንጥላት የመጀመሪያዋ ፌስታል ከራሷ በላይ ታወራለች። እስከ ቀትር ድረስ አሥር ትሆናለች።

የሚያጽናናኝ ነገሩ በተቃራኒውም መሥራቱ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ቻልዲኒ ከባልደረቦቹ ጋር ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ አንድ ሰው መሬት የወደቀ ቆሻሻ ሲያነሣ ያዩ መንገደኞች እነሱ ራሳቸው መጣላቸው ቀንሷል። ስብከት አልነበረም፤ ጎንበስ ብሎ ማንሣት ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ጠራጊዎቻችን ልናገር። የእኛን መንገድ የምትጠርገው እኅት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምራ መጥረጊያዋን ይዛ ትወጣለች። ከእሷ ጋር ቆሜ ካወራሁ በኋላ ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። «መጣሉ አይደለም የሚያመኝ» አለችኝ፤ «እያዩኝ መጣላቸው ነው። ጠርጌ ዞር ስል ከኋላዬ ይጥላሉ።» የሥራ ድርሻዋ ውስጥ የውኃ መግቢያ ወንፊቶቹን መጥረግም አለበት። ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት የአውቶቡስ ፌርማታው ብቻ ይበላባታል፤ ወንፊቶቹ ጋ ሳትደርስ ፈረቃዋ ያልቃል። «ካልጣልን እነሱ ምን ይሠራሉ?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እሷ ሥራ አይቸግራትም፤ አቧራው አለ፣ ቅጠሉ አለ፣ ወንፊቱ አለ። እኛ የምንጥለው ሥራ የሚፈጥርላት ሳይሆን ጎርፉን የሚያስቀርልንን ሥራ እንዳትሠራ የሚከለክላት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ ውስጥ ሜምፊስ ከተማ ሁለት የቆሻሻ ሠራተኞች በቆሻሻ መኪናው መጭመቂያ ውስጥ ተጨፍልቀው ሞቱ። ጓደኞቻቸው ሥራ አቁመው «ሰው ነኝ» የሚል ጽሑፍ አንግበው ወጡ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሊደግፋቸው በሄደ ጊዜ፣ ቆሻሻችንን የሚያነሣልን ሰው በመጨረሻው ስሌት ከሐኪም እንደማያንስ፣ እሱ ሥራውን ካልሠራ በሽታ እንደሚስፋፋ ነገራቸው። የተገደለውም እዚያው ከተማ ነው። እኔ ይህን ታሪክ የማስታውሰው፣ ቆሻሻ በጣልን ቁጥር የምንጥለው መሬት ላይ ብቻ ሳይሆን በአንድ ሰው ወገብ ላይም ስለሆነ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱን ከተጠያቂነት ነፃ ማውጣቴ አይደለም። በፌርማታችን ያለው አንድ ቅርጫት ነው፤ እሱም አፍ አፉን ሞልቶ ሦስትና አራት ቀን ይቆያል። የሞላ ቅርጫት ጭራሽ ካለመኖሩ ይብሳል፤ ሰው እሱን ተማምኖ አጠገቡ ያስቀምጣል፣ ነፋስ ይበትነዋል፣ ውሻ ይጎትተዋል። የቆሻሻ መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ የሚያውቅ የለም። ይህ መስተካከል አለበት። ቅርጫት ማጣት ግን መሬት ላይ ለመጣል ፈቃድ አይደለም። ቶኪዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 በምድር ውስጥ ባቡር ላይ የመርዝ ጋዝ ጥቃት ከደረሰ በኋላ በርካታ የሕዝብ ቅርጫቶች ተነሥተዋል። ሰው ቆሻሻውን በቦርሳው ይዞ ቤቱ ይወስዳል። እዚያ ልጆች የሚማሩበትን ክፍል ራሳቸው ይጠርጋሉ። ወረቀቱን ጨብጦ የተቀመጠው ያ ልጅ ትዝ የሚለኝ ለዚህ ነው፤ እሱን የሚያስተምር አላስፈለገውም ነበር፣ አርአያ የሚሆነው ሰው ነበር ያስፈለገው።

ቅጣትን በተመለከተ ሁሉም ሲንጋፖርን ይጠራል። እውነት ነው፤ እዚያ ቅጣቱ ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ደጋግሞ የሚጥል ሰው ደማቅ ሰደርያ ለብሶ በሕዝብ ፊት እንዲጠርግ ይደረጋል። ሰው የሚረሳው ግን የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኳን ዩ የጽዳት ዘመቻውን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1968 ሲያስጀምር ከቅጣቱ ጋር ትምህርቱና መሠረተ ልማቱ አብረው መሄዳቸውን ነው። ደንብ አስከባሪ ያለ ቅርጫት፣ ቅርጫትም ያለ መኪና ቢመጣብን የምናተርፈው ጭቅጭቅ ነው። ይልቅ የጀርመኑ ዘዴ ይበልጥ ይማርከኛል፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አንድ ጊዜ አገልግሎ ለሚጣል የመጠጥ ፕላስቲክና ጣሳ ገዢው 25 የዩሮ ሳንቲም ያስይዛል፣ ዕቃውን ሲመልስ ይመለስለታል። ዋጋ ያለውን ነገር በመስኮት የሚወረውር ሰው ብዙ አይደለም፤ ቢወረውር እንኳ የሚያነሣው ሰው አይጠፋም።

በእኛ መንገድ ይህን ሁሉ እስኪያደርጉልን አንጠብቅም። ሩዋንዳውያን በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት «ኡሙጋንዳ» በሚሉት የጋራ ሥራ ሠፈራቸውን ለማጽዳት ይወጣሉ። የእኛ ጎረቤቶችም በዚህ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ የውኃ መግቢያ ወንፊቶቻችንን ለመጥረግ ተስማምተናል። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አሥራ አንድ ናቸው። እስካሁን አሥራ ሰባት ቤተሰብ ስሙን ሰጥቷል፤ አካፋና ባልዲ ተሰብስቧል፤ ጓንት ግን ስላልበቃን ያለው ይዞ ቢመጣ ደስ ይለናል። ጠራጊያችንንም ነግረናት በዚያ ጠዋት ፌርማታውን ለእኛ ትታ ወንፊቶቹ እንዴት እንደሚከፈቱ ልታሳየን ፈቅዳለች።

ከእናንተ የምንለምነው ይህን ደብዳቤ ከቅዳሜ በፊት እንድታወጡልን ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ የምንፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምናወጣው ጥራጊ መንገድ ዳር ተከምሮ ካደረ በቀጣዩ ዝናብ ተመልሶ ይገባል፤ ስለዚህ የሚያነሣው መኪና እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ድረስ እንዲልክልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ